ማረሻ አጣቢው

በ1984 ዓ.ም. ዝናቡ በጊዜው ጣለ፤ ስንዴውም ደህና በቀለ። እሸት ሳይሆን ግን ዛላው ነጣ። ሲያሹት ፍሬ የለውም። አርባ ኩንታል ይሰጥ የነበረ ማሳ አሥራ አንድ ሰጠ። በዚያ ዓመት ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው ማሳውን በመርዝ አበላሽተዋል ተብለው ተጠረጠሩ። የጠረጠራቸው ይህን የሚጽፈው ታላቅ ወንድማቸው ነው።

ሟች ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከአባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ ከእናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በሃያ ዓመታቸው የትራክተር ሹፌር ሆኑ። በ1975 ዓ.ም. የመንደሩን አዋላጅ አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ማረሻውንና ጫማቸውን በበርሜል ውሃ ሳያጥቡ አይገቡም ነበር። «ማረሻ አጣቢው» የተባሉትም ለዚህ ነው።

ታላቅ ወንድማቸው በዓይነ ቁራኛ ይጠብቃቸው ነበር። ለአንድ ማረሻ ይህ ሁሉ ውሃ ምን ያደርጋል? ያን ዓመት ከታመመ የጎረቤት ማሳ ወደ እሱ ማሳ ሲመጡ፣ «ታጥቦ ጭቃ! ዝም ብለህ ግባ» አላቸው። ታላቅ ነውና ገቡ። ስንዴው ሲነጣ በርሜሉን አሸተተ፤ በስብሰባ መሐል ተነሥቶም «ይሄ ሰው የሚያጥበው መርዝ ነው» አለ።

ሟች አንድ አገዳ ነቅለው የጠቆረ ሥሩን ለግብርና ባለሙያው ወሰዱ። ባለሙያው አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ሥሩን እንደበላው፣ ውሃ ስለማይወጣለትም ዛላው ባዶ እንደቀረ፣ በማረሻ ላይ በተጣበቀ አፈር እንደሚዛመት ተናገረ። ሁለት ዓመት ባቄላ ዝሩ አለ። ታላቅ ወንድም «ተመካክረዋል» ብሎ በስንዴ ላይ ስንዴ ዘራ። ሰባት ኩንታል አገኘ። ከዚያ ማንም ሳያየው ባቄላ ዘራ። በ1988 ዓ.ም. ስንዴው ሠላሳ ስድስት ሰጠ። እውነቱን ያኔ ዐወቀ፤ አፉ ግን አልተከፈተም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ዳዋውም ከዚያ ስብሰባ ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ቻለ።

ሟች በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ወር አልጋቸው አጠገብ ለተቀመጠው ወንድማቸው፣ «ጋሼ፣ በጆሮዬ ሹክ አትበለኝ። በሰው ፊት የወሰድከውን ስሜን በሰው ፊት መልስልኝ» አሉት። ሰኔ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው እዚህ ቆመዋል።

እነሆ በሰው ፊት፦ መርዝ አልነበረም። በሽታውን ወደ ማሳው ያስገባው «አታጥብ» ያለው ወንድማቸው ነው። ዛሬ ጠዋት የመቃብሩን አካፋዎች አንድ በአንድ ያጠበውም እሱ ነው። አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው።