ማኅተምህን አሳየኝ

ሐሙስ፣ የካቲት 14፣ ከሰዓት በኋላ
ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ

እቴ ዓለሜ፣

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ፣ አንዴ ደግሞ ለአባዬ ፊት ለፊት እየጮህኩ። በዚህ ምክንያት የምትማሪበት ሕንፃ ስንት ፎቅ እንዳለው፣ የመጨረሻ ፈተናሽ መቼ እንደሆነ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛሽ እንዴት እንደምታንኮራፋ ጎረቤቱ በሙሉ ያውቃል። ይቅርታ አድርጊልኝ። የአባዬ ጆሮ ጨርሶ ሄዷል። አንቺ ስትሄጂ ቀኙ ትንሽ ትንሽ ይይዝ ነበር፤ አሁን እሱም ደህና ሰንብቱ ብሏል፤ እኔ በልማድ እጮኻለሁ እንጂ እሱ የሚረዳኝ ከንፈሬን አይቶ ነው። ሠላሳ ዓመት ከጥሩምባዎቹ ፊት ተቀምጦ ክላርኔት ለነፋ ሰው ምን ይተርፈዋል? እሱ ግን ይስቃል። «ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ» ይላል።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን አንቺ በስልክ የምትሰሚው ቃሌን ሳይሆን ትንፋሼን ነው። ገና «ሄሎ» ከማለቴ «ምን ሆነሃል?» ትያለሽ። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ቢያንስ አይንተባተብም።

ሦስት ነገር ጠይቀሽኛል። እጅህ እንዴት ነው? ፈተናውስ? የሄድኩ ቀንስ ለምን አኮረፍከኝ? ሦስተኛውን እናቆየው፤ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው።

ከእጄ ልጀምር። ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል። ትንሿ ጣቴ እንደ መንጠቆ ጎብጣ ቀርታለች፤ ኩባያ ለመስቀል ትመቻለች። ችግሩ ከጎኗ ያለችው ናት፤ የቀለበት ጣቴ። ስታያት ምንም አልሆነችም። ትታጠፋለች፣ ትዘረጋለች፣ እንዲያውም ከበፊቱ አምራለች። ግን አይሰማትም። ለሌላ ሰው ይህ ከቁም ነገር አይቆጠርም። አንቺ ግን የክላርኔት ቤት ልጅ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ፤ ጣት ቀዳዳውን የሚያገኘው በዓይን አይደለም፣ የቀዳዳውን ጠርዝ ጫፉ ላይ እየሰማ ነው። የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረች ትንፋሹ ያመልጥና ክላርኔቷ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ትጮኻለች።

የእጅ ሕክምና ባለሙያዋ በመጀመሪያው ቀን «ነርቭ ተመልሳ ታድጋለች፤ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል» አለችኝ። ታውቂኝ የለ? ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ቤት ገብቼ ማስመሪያ አወጣሁና ከጠባሳው እስከ ጣቴ ጫፍ ለካሁ። ስልሳ ሁለት ሚሊ ሜትር። ስልሳ ሁለት ቀን ማለት አይደል! ቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ ከበብኩት፤ ከሥሩ «ትገባለች» ብዬ ጻፍኩ፣ የባቡር ሰዓት ይመስል። ቀኑ ደረሰ፤ አልገባችም። ሳምንት ጨመርኩላት። ወር ጨመርኩላት። ይኸው ስምንተኛ ወሯ፣ መንገድ ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት ባለሙያዋ ዓይኔን አስጨፍና መርፌ ያዘች። «ሲነካህ እሺ በል» አለችኝ። ጠበቅኩ። ብዙ ጠበቅኩ። «መቼ ነው የምትጀምሪው?» ስላት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጨርሻለሁ እኮ» አለችኝ።

ሐኪሙ ደግሞ «ከዓመት በኋላ ብዙም አይጠበቅም» አለ። «ብዙም» ነው ያለው እንጂ «ምንም» አላለም። ልዩነት አለው። የለውም እንዴ?

እንግዲህ ፈተናው።

በምረቃዬ ማግስት የሰጡኝን ወንበር ኦርኬስትራው ስምንት ወር ሙሉ ማንንም ሳያስቀምጥበት አቆየልኝ። ደንብ ስለሚፈቅድ አይደለም፤ መሪው የአባዬ የድሮ ጓደኛ ስለሆነ ነው። «በጥር መጨረሻ መጥተህ ትነፋለህ፤ ከነፋህ ያንተ ነው» ብሎኝ ነበር። እኔም በቀን ስድስት ሰዓት ያዝኩት። የላይኛው ፎቅ ሴትዮ ደረጃው ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ልጄ፣ ያ ዳክዬ አልዳነም?» ትለኛለች። «ሕክምና ላይ ነው እማማ» እላታለሁ። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ምንም ሳይሰማ፣ በእግሩ ምት ይመታልኛል።

ከዚያ መላ አገኘሁ። የመኝታ ቤቱን መስታወት አውርጄ ከፊቴ አቆምኩት። ጣቴ ባይሰማት እኔ አያትና እመራታለሁ አልኩ። እቴ ሙች፣ ሠራ! በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳክዬው ሞተ። ሴትዮዋ ራሷ ወርዳ በሩን አንኳኳችና «ዛሬስ ሰው መሰልክ» አለችኝ። ጨፈርኩ። ክላርኔቷን ይዤ አልጋ ላይ ዘለልኩ፤ የአልጋው አንድ ርብራብ ተሰብሯል፣ ስትመጪ ታዪዋለሽ።

የኔ ቂልነት ምን መሰለሽ? ጣቴ የተማረች መሰለኝ። የተማረው ዓይኔ ነበር። ፈተና ክፍሉ ውስጥ መስታወት የለም።

ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ዜማው ሲጀምር ከላይ ነው፤ እዚያ ያቺ ጣት አታስፈልግም። ነፋሁት። መሪው ዓይኑን ጨፈነ፤ ዋሽንት የምትነፋዋ ሴት ፈገግ አለች። «አገኘሁት» አልኩ በልቤ። ከዚያ ዜማው ወደ ታች ወረደ። ሲጥ! እንደገና ጀመርኩ። ሲጥ! ሴትዮዋ ወረቀቷን ታይ ጀመር።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ መሪው። «አንተ ለምንድን ነው ቁልቁል የምታየው?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው ጋሼ።»

«አንተ ጣትህን ስታይ ኖታውን ማን ያነብልሃል? እኔንስ ማን ያየኛል? እስቲ ዓይንህን ጨፍን። ጨፈንክ? ያቺን የታችኛዋን ቀዳዳ ድፈን።»

ደፈንኩ።

«ደፍነሃል?»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ ጋሼ።»

«በል ግለጥ።»

ጣቴ ቀዳዳዋን ትታ ከጎኗ፣ እንጨቱ ላይ ተቀምጣለች። ቤት ተሳስቶ የሰው ሳሎን ውስጥ እንደተቀመጠ እንግዳ፣ ተረጋግታ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ተከትሎኝ ወጣ። «የአባትህን ፊት በምን ዓይኔ አያለሁ?» አለኝ። «እኔ እነግረዋለሁ» አልኩት። ሳክስፎን እንድሞክርም መከረኝ፤ ሳክስፎን በቁልፍ ስለሚደፈን ጣት ባይሰማትም ይሆናል ብሎ። ተውሼ ሞከርኩ። ጣቴ መድረስስ ትደርሳለች፤ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ሰው አርፍዳ ነው የምትገባው፣ ሁሉም ሻይ ሊወጣ ሲል።

ተስፋ የቆረጥኩ እንዳይመስልሽ። ሥራ ይዣለሁ! እዚያው ኦርኬስትራው ዘንድ፣ ኖታ ቤት። ጠዋት ጠዋት የየሰዉን ኖታ ከመደርደሪያ አወጣለሁ፣ የተቀደደውን እለጥፋለሁ፣ ያልተነበበውን እንደገና እጽፋለሁ፣ ከዚያ በየማቆሚያው ላይ አስቀምጣለሁ። ወንበሮቹንም የምደረድረው እኔ ነኝ። የክላርኔቱን ወንበር መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አሁን አንዲት ጎበዝ ልጅ ተቀምጣበታለች፤ እጆቿ ትንንሽ ናቸው፣ ግን አንዲት ቀዳዳ አትስትም። ሲጀምሩ እኔ በሩን በቀስታ ዘግቼ እወጣለሁ። ኖታ ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው።

አባዬ አያውቅም። «የት ትሄዳለህ?» ሲለኝ «ኦርኬስትራ» እለዋለሁ፤ አልዋሸሁም እኮ። ደረቱን ነፍቶ ለአናጢውም ለዳቦ ሻጩም «ልጄ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል» እያለ ይዞራል። ማታ ማታ ደግሞ፣ እንደ ልጅነታችን፣ መዳፉን ይዘረጋና «ማኅተምህን አሳየኝ» ይለኛል።

ታስታውሻለሽ አይደል? ከሥራ ሲመጣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ የጣቶቻችንን ጫፍ ያይ ነበር፤ የቀዳዳዎቹ ክብ ምልክት ከሌለ «አልተለማመዳችሁም፣ ማኅተም የሌለው ወረቀት አይጸድቅም» ይል ነበር። አንቺ ደግሞ አንዲት ቀን ሳትለማመጂ የእስኪሪብቶ ክዳን ጣቶችሽ ላይ እየጫንሽ ስንት ወር አታለልሽው! እኔ ሳለቅስ፣ እርሳስ መቅረጫህን ልትሰጠኝ ካልማልክ ዘዴውን አላስተምርህም ያልሽኝን አልረሳሁም። ያኔ እንኳ ቢጠረጥር ጆሮ ነበረው፤ «በሉ ንፉልኝ» ማለት ይችላል። ዛሬ የቀረው ማኅተሙ ብቻ ነው። በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ይዳስሳቸዋል። የቀለበት ጣቴ ላይ ሲደርስ ይቆያል። «አየህ?» አለኝ ትናንት ማታ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «አላልኩህም? ከሁሉም የጠለቀው የእሷ ነው። ይቺ ጣት ድናለች!»

የእሷ የሚጠልቀው ስለማያመኝ ነው እቴ። ስንት እንደጫንኩ አላውቅም።

ስለዚህ ስትጽፊለት ስለ ኦርኬስትራው እንደ ወትሮው ጠይቂው። «ወንድሜ በርታ በልልኝ» በይ። ሌላ አልፈልግም። ለዓመት ያህል ብቻ። ቀን መቁጠሪያው ላይ አዲስ ቀይ ክብ አድርጌያለሁ፣ የዛሬ ዓመት ላይ። ማን ያውቃል?

ሌላ ወሬ። አጎቴ ያቺን የመኪናውን በር አሠራት! «ጥፋቱ የእናንተ አመታት ነው» እያለ አሥራ ሁለት ዓመት እምቢ ያለ ሰውዬ፣ አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ጋራዥ ወሰዳት። አሁን በአንድ ጣት ገፋ ሲያደርጓት ትዘጋለች። የሄድሽ ቀን ያደረገችሽን ግን አትረሺም አይደል? ያ ሙቀት፣ ወንበሩ እንደ ምጣድ ሲፈጅ፣ አጎቴ በጋዜጣ ራሱን ሲያራግብ። ሁለት ጊዜ ገብተሽ ሁለት ጊዜ ወረድሽ፤ «ይቅርብኝ፣ እናንተን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» እያልሽ። ለእማዬ ሕመም፣ ከዚያ ለአባዬ፣ ከዚያ ለእኔ ስትይ አራት ዓመት ያቆየሽው ትምህርት! ሦስተኛ ገባሽ፤ እኔ መኪናዋን በእጄ ተደግፌ ቆሜ አወራሽ ነበር፤ እንባሽን እየጠረግሽ በሩን መታሽው፣ ተመልሶ ተከፈተ። «ይቺ ሰይጣን!» ብለሽ ሳቅሽ። እንደገና መታሻት፤ ተዘጋች። አንድ ጊዜ ብቻ ደግመሽ ብትወርጂ ኖሮ እንደማትገቢ ዐውቅ ነበር። ስለዚህ ያ በር ሲዘጋ ደስ አለኝ። በእውነት ደስ አለኝ።

አጎቴ ግን በስልክ ስለ በሯ ወይም ከወንበሩ ላይ ስላጠበው ነገር ሊነግርሽ ቢዳዳው አትስሚው። ሸምግሏል፣ ነገር ያገናኛል። የእኔን እጅ የበላው የትምህርት ቤቱ የብረት በር ነው። አንቺ ቅዳሜ ሄድሽ፤ እኔ ሰኞ ነው የተጎዳሁት። አባዬ «ቅዳሜ» ብሎ ከጻፈልሽ ቀን ተምታቶበት ነው። ዕድሜ ነው።

አንቺ ብቻ ተማሪ። ፈተናሽን በደንብ ሥሪ፣ ስትተኚ መስኮቱን ዝጊ፣ እንቅልፍሽን የምታንኮራፋው ልጅ አትውሰድብሽ። የቆምሽበት ምድር ይደላድልሽ፤ የነካሽው ሁሉ ይሙላልሽ፤ ሁለት እጅሽን ሞልተሽ ተመለሺልን።

የአባዬ ዱላ ደረጃው ላይ ይሰማኛል። ቀጥ ብሎ ወደዚህ ነው የሚመጣው፣ መዳፉን ዘርግቶ። የላክሽልኝን እስኪሪብቶ ልከድነው አልችልም፤ ክዳኑ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል።

የሚወድሽ ወንድምሽ፣ በልጅነት ባወጣሽልኝ ስም
ጥሩምባ

ሦስተኛውን ጥያቄሽን ረስቼው ነበር። አላኮረፍኩሽም። ቀኝ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ በግራዬ ያውለበለብኩልሽ በርዶኝ ነው።