ሽቦውን ያስገባሁት እኔ ነኝ ያሉት የአቶ ሕሉፍ ጎደፋ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሕሉፍ ጎደፋ ከአባታቸው ከአቶ ጎደፋ ረዳኢ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኣሰለፈች ሓድጉ ጥር 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በመቐለ ከተማ፣ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ግርጌ ተወለዱ። ስመ ክርስትናቸው ወልደ ሚካኤል ነው። አባታቸው የወፍጮ ቤት ሞተረኛ ስለነበሩ አቶ ሕሉፍ የሞተር ድምፅ እየሰሙ አደጉ። እስከ አሥረኛ ክፍል በመቐለ ከተማሩ በኋላ በ1976 ዓ.ም. ወደ ኮምቦልቻ ሄደው ከአጎታቸው ዘንድ ተቀመጡ። እዚያም በአንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ዕቃ በማጠብ ጀምረው የመኪና ኤሌክትሪክ ሙያን ተማሩ።

ጥር 1984 ዓ.ም. የዚያው ጋራዥ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የነበሩትን ወ/ሮ ሠርክአዲስ አምሃን በሕግና በሥርዓት አገቡ። ዛሬ ከወሎ ድረስ መጥታችሁ ከእኛ ጋር የቆማችሁ የወ/ሮ ሠርክአዲስ ወገኖች ይህን ታሪክ በቋንቋችሁ እንድትሰሙት የፈለጉት ራሳቸው ሟቹ ናቸው። በ1985 ዓ.ም. ባለቤታቸውን ይዘው ወደ መቐለ ተመለሱ። ልጆቻቸው ኣሪያም በ1986፣ ትንሳኤ በ1990 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚያው በ1990 ዓ.ም. ሓድነት በተባለው የመቐለ ሰፈር የራሳቸውን የመኪና ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ከፈቱ።

የአሠራራቸው ነገር ሳይነገር መቅረት የለበትም። መኪና ስታርት እየዞረ ሞተር አልነሣ ሲል ብዙው ባለሙያ የቤንዚን ታንከር አውርዶ «ፓምፑ ሞቷል» ይላል። እሳቸው ግን ጆሯቸውን ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከታንከሩ አናት ላይ አድርገው «ቁልፉን ክፈት» ይሉ ነበር። ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ማጉረምረም አለበት። ዝም ካለ ፊውዙን ያያሉ። ፊውዙ ደኅና ከሆነ የፓምፑን ሪሌ፣ ኤሌክትሪክ የምታሳልፍለትን ትንሽ ማብሪያ፣ ነቅለው ከክላክሱ ሪሌ ጋር ያቀያይራሉ። ፓምፑ አጉረምርሞ ክላክሱ ዝም ካለ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። አንድ ባለታክሲ «ኣያ ሕሉፍ፣ ታዲያ ያለ ክላክስ እንዴት ልሂድ?» ቢላቸው «እየጮኽክ ከምትቆም ዝም ብለህ ሂድ» አሉት። ደኅና ፓምፕ አስወርዶ ለሚመጣ ሰው ደግሞ «ወዲ ሓወይ (የወንድሜ ልጅ)፣ ሳይሞት የቀበረው ማነው?» ይሉ ነበር።

አንድ ሕግ ነበራቸው። በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ ሽቦ አያስገቡም። በጦርነቱ ምክንያት መንገድ በተዘጋበት፣ መለዋወጫ በጠፋበት በዚያ ዘመን ከተማው በሙሉ ሽቦ ሲያስገባ እሳቸው እምቢ አሉ። «ፊውዝ የሚቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው» ብለው ስንቱን ደንበኛ መለሱ። ያን ጊዜ ግትር ናቸው ብለው ያሟቸው ሰዎች ከሁለት ወር በኋላ ግዴለሽ ናቸው አሏቸው። ሁለቱንም ያለ አንዳች ኀፍረት አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በአንድ ጠዋት የአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ብቸኛ መኪና፣ ቤንዚን የምትጠቀም ነጭ ፒክአፕ፣ ወደ ዓይደር ሆስፒታል ወላድ ይዛ ስትሄድ ከመሥሪያ ቤታቸው ፊት ለፊት ሞተሯ ጠፋ። ወላዷ ወ/ሮ ፍሬወይኒ ደም እየፈሰሳት ነበር። ሹፌሩ ኣባዲ «ኣያ፣ በማርያም!» እያለ ሮጦ ገባ። አቶ ሕሉፍ አዳመጡ፤ ፓምፑ ዝም ብሏል። ፊውዙ ተቃጥሎ አገኙት። በእጃቸው የቀረችውን አንድ ባለ አሥራ አምስት አምፔር ፊውዝ ቢያስገቡ እሷም ወዲያው ተቃጠለች። በጄሪካን የሚሸጠው ቆሻሻ ቤንዚን የፓምፑን ወንፊት ስለደፈነው ፓምፑ ከአቅሙ በላይ ይጎትት ነበር። ወ/ሮ ሠርክአዲስ በየጎረቤቱ ፊውዝ ሲጠይቁ ዞረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ታንከር አውርዶ ለማጽዳት ጊዜ የለም፤ ሌላ መኪና ለመፈለግ በመንገዱ ላይ ሌላ መኪና የለም።

አቶ ሕሉፍ ከገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዘው በፊውዙ ቦታ አስገቡ። ፓምፑ አጉረመረመ፤ ሞተሩ ተነሣ። ለኣባዲም እንዲህ አሉት፦ «ስማኝ ሓወይ፣ ይህ ፊውዝ አይደለም። ይህ የአንድ ሰዓት ውሸት ነው። አድርሳትና በቀጥታ ወደኔ ተመለስ፤ አወጣዋለሁ።» ኣባዲም «ሕራይ ኣያ» ብሎ፣ እሺታውን ሰጥቶ ሄደ። ወ/ሮ ፍሬወይኒ በሰላም ተገላገሉ። ኣባዲ ግን አልተመለሰም። ጤና ጣቢያው ሌላ ሕመምተኛ አለ ብሎ ጠራው፤ በማግስቱም ሌላ ተጨመረ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያቺ መኪና ዳገት ላይ ከወንበሩ ሥር ጭስ አወጣች። ኣባዲ ዘሎ ወረደ፤ የተጎዳ ሰው የለም፤ መኪናዋ ግን ነደደች። የዚያ ገጠር ወላድ ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቃሬዛ ሆነ።

ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተሰይሞ «ምክንያቱ የቤንዚኑ ጥራት ጉድለት ነው» የሚል ወረቀት አዘጋጀ። አቶ ሕሉፍን ለማዳን ታስቦ የተጻፈ ነበር። እንዲፈርሙ ሲቀርብላቸው እምቢ አሉ። «ሽቦውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ብላችሁ ጻፉ» አሉ። ከቤተሰቡ ጥፋቱን በሹፌሩ ላይ ለመጫን የተነሣን ሰዎች ነበርን፤ ከሁሉም በላይ የጮኽኩት ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። እሳቸው ግን «እሱ ሹፌር ነው፤ እኔ ነኝ ኤሌክትሪሺያን። ከጎኑ ተቀምጬ ሄጄ፣ ወላዷን አውርደን፣ ሽቦውን በእጄ አውጥቼ መመለስ ነበረብኝ። ቤቴ ቀረሁ» ብለው አስቆሙኝ።

እውነት ተናግረው ያተረፉት ምን ነበር? «መኪና አቃጣዩ» የሚል ስም። የገዛ መኪናቸው በሽቦ የሚሄድላቸው ሰዎች የአቶ ሕሉፍን ደጃፍ ረግጠው ላለማለፍ መንገድ ቀየሩ። ዛሬ ነጠላ አዘቅዝቀው እዚህ ከቆሙት መካከልም እንዲህ ያደረጉ አሉ፤ ለቀብራቸው መምጣታቸው ደግ ነው፣ ያሉትን ግን አልረሳነውም።

አቶ ሕሉፍ የተቃጠለችውን መኪና አስጎትተው ወደ ግቢያቸው አስገቡና «ወደ ጤና ጣቢያው በራሷ ሞተር ትመለሳለች» አሉ። ሰው ሳቀ። ወ/ሮ ሠርክአዲስ ብቻ «ከየት ነው የምትጀምረው?» ብለው ጠየቋቸው፤ «ከባትሪው» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ የነበሩት ሦስት ዓመታት ሁሉ የዚያች መኪና ዓመታት ናቸው። መንገዱ እስኪከፈት ድረስ በየጥሻው ከወደቁ መኪኖች ገመድ ፈቱ፤ መንገዱ ሲከፈት ፓምፕና ሪሌ ከኮምቦልቻ የቀድሞ ጓደኞቻቸው ላኩላቸው። ገመዱን ከፊት መብራት እስከ ኋላ መብራት ድረስ እንደ አዲስ ዘረጉ።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ሕመም እንዳለባቸው ተነገራቸው። ሐኪሞች ዕረፍት አዘዙላቸው። «መኪናዋ ስትሄድ አርፋለሁ» አሉ፤ ይህ ቤተሰቡን እጅግ ያናደደ ንግግር እንደነበር አንደብቅም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ሁሉ ነገር ተገጥሞ አልቆ ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ዝም አለ። ፊውዙ ደኅና ነው፤ ሪሌው ቢቀያየርም ለውጥ የለም። ያን ጊዜ ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ በወንበር ተቀምጠው ልጃቸውን ኣሪያምን አዘዟት።

«አባ፣ ፓምፑን ላውርደው?» አለቻቸው።

«አንቺም እንደነሱ?» አሏት። «የኔጌቲቩን ገመድ ተከተዪ፤ የት ነው የታሰረው?»

ገመዱ ከመኪናዋ አካል ጋር የተያያዘው አዲስ በተቀባ ብረት ላይ ነበር። ቀለሙ ኤሌክትሪኩን አላሳልፍ ብሎ ነው። ኣሪያም ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቃ አሰረችው። ፓምፑ አጉረመረመ። አቶ ሕሉፍ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ሰማሁት» አሉ።

ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከኣባዲ ጎን ተቀምጠው መኪናዋን እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄደው አስረከቡ። በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ስድስት ትርፍ ፊውዝ ለጥፈው፣ በእጅ ጽሑፋቸው «ሽቦ ክልክል ነው» ብለው ጽፈው ፈረሙበት። ከዚያ በኋላ እንደተናገሩት ዐረፉ፤ ወደ መሥሪያ ቤታቸው አልተመለሱም።

ሕመማቸው በርትቶ በዓይደር ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሠርክአዲስን፣ ልጆቻቸውን ኣሪያምንና ትንሳኤን፣ አንዲት የልጅ ልጅና ታናሽ ወንድማቸውን ትተዋል።

ከዛሬ በኋላ በዚህ ከተማ ማንም «መኪና አቃጣዩ» ቢላችሁ፣ አዎ በሉት፤ አስቀድመው የተናገሩት ራሳቸው ናቸውና። ከዚያም አንተስ የሠራኸውን ስሕተት በየትኛው ወረቀት ላይ አስጻፍክ፣ የትኛውንስ በእጅህ መልሰህ አስረከብክ ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሳትሰሙ አትልቀቁት።

እግዚአብሔር የአገልጋዩን የወልደ ሚካኤልን ነፍስ እውነት ተናጋሪዎች ካሉበት ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው እንደ እሳቸው «እኔ ነኝ» የምንልበትን ልብ ይስጠን። አሜን።