ባሕር ዳር ብለውኝ ነበር

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

አሸዋው ከሸራው ላይ እየረገፈ ነው። ኮላው በዚህ ሙቀት ገና ሳልቀባው ይደርቃል። ደግሜ ቀባሁት፣ አሁንም ረገፈ። በመጨረሻ ያዘ፤ ግን ሥዕሉ የተቦረቦረ ግድግዳ መስሏል። ይሁን። ዳሩም እንደዚያው ነው።

ዳሩ ማለቴ የሮቢ ወንዝ ዳር። አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙበት ምግብ ቤት ባለቤት እትዬ ብዙነሽ «ባሕር ዳር ሳዪልኝ፣ ግድግዳውን የሚሞላ» አሉኝ። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የማውቀው የውሃ ዳር ይሄው የሮቢ ነው፤ እሱም በየክረምቱ የአባባን ማሳ እየገመሰ ይወስዳል። ስለዚህ እሱን እየሳልኩ ነው። ከላይ ቢጫ፣ ከታች ድፍርስ ቡናማ፣ መሃል ላይ የተቀደደ ጠርዝ። ሌላ ምንም የለበትም። አብስትራክት ይባላል። ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ሳሳያቸው ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ አላለቀም እንዴ?» ይሉኛል።

ገልባጮቹ ዛሬም ከወንዙ አሸዋ ሲጭኑ ዋሉ። ድሮ «ዳሩን እየናዳችሁት ነው» ብዬ መንገድ ላይ ቆሜ ከሹፌሮቹ ጋር እጨቃጨቅ ነበር። አሁን ጥርስ ሊነቀልለት ማደንዘዣ የተወጋ ድድ ነኝ። ሲነኩኝ አውቃለሁ፣ አያመኝም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ምሳ ይዤ በባጃጅ ወደ አባባ ማሳ ወረድኩ። ክረምት ሲገባ ማንጎዎቹ ሥር ባለችው ጎጆ ነው የሚያድረው፤ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ሌባ እንዳይወስድበት። አምና ጎጆዋ ከወንዙ ራቅ ያለች ነበረች። ዘንድሮ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቢጉመጠመጥ የሚተፋው ወንዙ ውስጥ ይገባል።

በአላህ ወደ ቤት እንሂድ አልኩት። ሞተሩስ አለኝ። ሞተሩንም ይዘን አልኩት። «ማንጎዎቹንስ? እነሱንም በባጃጅ ትጭኛቸዋለሽ?» ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርስ ያሸንፈኛል።

እዚህ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ደብረ ሲና በኩል ግን ጠቁሯል። ላይ ሲዘንብ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። አባባ ይሄን ከኔ በላይ ያውቃል። ግን ይቀመጣል።

ስመለስ በፌስታል አሸዋ ሞላሁ። እኔም አቅሜን ያህል ገልባጭ ሆንኩ። ዳሩ ላይ የፀረ ተባይ ጠርሙሶች፣ የሽንኩርት ከረጢት፣ የአንድ እግር ሸበጥ። ለአንዱም አላዘንኩም። ቀለማቸውን ብቻ አየሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ጨርሼ ወሰድኩላቸው። እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው መጡ፣ አዩት፣ ከኋላው ሌላ ያለ ይመስል ገልበጥ አድርገውም አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባሕር ዳር፣ እትዬ።»

«ጣናው የታለ? ዘንባባው የታለ? ታንኳው?»

ለካ ያሉኝ ከተማውን ኖሯል! ልጃቸው እዚያ ነው የተመረቀችው፣ ለሷ ትዝታ እንዲሆን ነው። አስተናጋጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከአፌ የወጣው ድምፅ የሌላ ሰው መሰለኝ። እትዬ አዘኑልኝና ጥብስ አበሉኝ፣ ሥዕሉን ግን መለሱ። ባጃጁ ውስጥ አልገባ ብሎ ከላይ አስረነው ተመለስን። ሊያናድደኝ ይገባ ነበር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

አባባ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ለምሳ ቤት መጣ። ሥዕሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጫማውን ሳያወልቅ ፊት ለፊቱ ቆመ። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ።

ጣቱን የተቀደደው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። «ይቺ የኛ ናት። ውሃው የሚዞርባት።» አወቃት! ደስ ሊለኝ ሲል «ማንጎዎቹስ?» አለ።

አብስትራክት ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ቦታቸውን አየሁት፤ ውሃ ቀብቼበታለሁ። የጎጆዋም ቦታ ውሃ ነው።

«እኔንስ የት አደረግሽኝ?»

አልተቆጣም። የት ልቀመጥ እንደሚል እንግዳ ነው የጠየቀኝ። ምሳ አቀረብኩ። በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ተመልሶ ወረደ።

እውነቱን ልጻፈው። ለወንዙ ተጨንቄ የሳልኩ መስሎኝ ነበር። እኔ ሁሉንም እንደሄደ ቆጥሬዋለሁ። አባቴን በቁሙ ውሃ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ አላመመኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ቁርስ ሳልበላ ወረድኩ። የደብረ ሲናው ተራራ አይታይም፣ ደመና ውጦታል። ስለ ሞተሩም ስለ ሌባውም አልተከራከርኩም። «አባባ፣ አንተ ያለህበት ላይ ውሃ ቀብቻለሁ። ከዚያ ውጣልኝ» አልኩት።

እሱም «ሥዕሉ ላይ ቦታ ካለኝ እንሂድ» አለና የሞተሩን ገመድ መፍታት ጀመረ። ባለ ባጃጁ ወንበሬ ዘይት ነካ ብሎ እስከ ቤት ተነጫነጨ። አባባ ወደ ኋላ አልዞረም። እኔ ዞርኩ።

ከዓሱር ሰላት በኋላ ደራሹ መጣ። እኛ ሰፈር ጠብ አላለም።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ሄደን አየነው። ጎጆዋ የለችም። ከማንጎዎቹ ዳር ያለው አንዱ ብቻ ቀርቷል፤ ሥሩ አየር ላይ ነው፣ ይቆይ አይቆይ አላውቅም። አባባ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ቤት ገብተን አረንጓዴ በጠበጥኩ። አባባ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የማንጎዎቹን ቦታ ይነግረኛል። «ትልቁ እዚህ ነበር። እናትሽ የተከለችው ትንሽ ወደ ቀኝ ነበር።» «ነበር» ሲል ብሩሹ ከእጄ ወደቀ፣ አለቀስኩ። ማደንዘዣው ለቀቀኝ መሰለኝ፣ ያማል። ገልባጮቹ ዛሬ አልመጡም። ነገ ይመጣሉ፣ እኔም መንገዱ ላይ እቆማለሁ።

በመጨረሻ ከቀረው ማንጎ ሥር አንዲት ነጭ ነጥብ አደረግኩ፣ የአባባ ኮፍያ። አንገቱን አስግጎ አያት።

«ትንሽ ከውሃው አርቂኝ እንጂ» አለ።

አራቅኩት።