የባለፋኖሱ ሞት

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤታችን ነርሷ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትሽ ነው። አሳምሪልኝ አላልኳትም፤ ከአፌ እንደወጣ ትጻፈው።

ለምወድሽ ልጄ፤ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ወገብሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ሥራሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴና ከእናትሽ ሐዘን በቀር ደህና ነኝ። ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። ወንበሯን ካለበት አላነሳሁትም።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ የመርማሪውን መጽሐፍ ታነብልኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። ዘጠኙንም ጨርሰናል። መርማሪውን አልወደውም፤ ወሬ ያበዛል። እኔ የምወደው በየመጽሐፉ ብቅ የሚለውን የመጋዘን ዘበኛ፣ ባለፋኖሱን ነበር። ሁለት ቃል ተናግሮ ነገሩን የሚፈታው እሱ፣ የሚመሰገነው ሌላው። እኔም አርባ ዓመት በር ጠብቄያለሁና አውቀዋለሁ።

አሁን ተከታታይ ድራማ አድርገው በቴሌቪዥን አመጡት። ባለፋኖሱን መሳቂያ አደረጉት፤ ኮቱ ጉልበቱ ድረስ፣ ገና ሲቀመጥ የሚያንኮራፋ። ዘበኛ እንዲህ ነው? እሱንስ ቻልኩት። ባለፈው እሑድ ግን ገደሉት። በሩ ላይ፣ ብቻውን፣ ማንም ሳይደርስለት። ውሸታሞች ብዬ ከዘራዬን አነሳሁ። ጡረታ ወጥቶ፣ ልጁ ከሩቅ አገር መጥታ እጁን ይዛ ወሰደችው እንጂ መች ሞተ? እናትሽ አንብባልኛለች! ነርሷ «አባባ፣ ይረጋጉ» ብላ ዘጠነኛውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረደች። ገጹን ፈልጋ አገኘችና መጽሐፉን መልሳ ከደነችው። አንብቢ አልኳት። በመጽሐፉም ሞቷል። ልጅ የሚባል ነገር የለውም።

እናትሽ ከሆዷ ነው ያነበበችልኝ። አሁን ትዝ ይለኛል፤ ያን ቀን ጉሮሮዋን እየጠረገች፣ አንድ ገጽ ሳትገልጥ ነው የጨረሰችው። ጉንፋን ነው ብዬ አለፍኩት። አርባ ዓመት መርፌ ያልሾለከብኝን ሰው ይህን የሚያህል ነገር ባፍንጫዬ ሥር አሳለፈችብኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ባለፋኖሱ አይደለም። ያንቺም ደብዳቤ ሲመጣ ጉሮሮዋን ትጠርግ ነበር። ፖስታው ወፍራም ነው፤ ንባቡ ግን አፍታ አይሞላም። «ደህና ነኝ፣ አሠሪዎቼ ጥሩ ናቸው፣ ባሌ ያከብረኛል፣ ልመጣ ነው።» ሁልጊዜ ይኸው። ከቀብሯ ስትቀሪ ተቀይሜሽ ነበር። አሁን ግን መምጣት ያልቻልሽበት ነገር ይኖር ይሆን እላለሁ።

ደብዳቤዎችሽ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ናቸው። ነርሷ ላንብብልዎት ብትለኝ እምቢ አልኩ፤ ለእናትሽ ያዋየሽውን ሳትፈቅጂ አላስነብብም። ዘበኛ ሳይፈቀድለት በር አይከፍትም። አንቺው ለእኔ ብለሽ ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፊው፤ ሽማግሌ ነኝ እንጂ ሸክላ አይደለሁም። ከከበደሽም ተይውና ነይ፤ ምን ሆነሽ መጣሽ ብዬ አልጠይቅሽም።

ለባልሽ፣ ካለ፣ ሰላም በይልኝ። ትልቁ ልጅሽ በትምህርቱ ጎበዝ ነው ተብሎ ተነቦልኛል፤ ትንሿም ጥርስ አውጥታለች። ካሉ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ከሌሉም የሁሉም ሰላምታ ላንቺው ይሁን፤ ለአንድ ሰው አይበዛም።

አባትሽ
ከዚያው ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር ፱ ቀን

በይ ነርሷ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ መልሰሽ አንብቢልኝ። ይህንንም ጻፊው። ጉሮሮሽን ግን እንዳትጠርጊ።