ሰሌዳው ምን ይልበስ?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1934

ቀዩ ቆዳም ወደቀ። ምክንያት፦ ይሸታል። ፈራጅ፦ የሐጎስ ሚስት፣ እመቤት ለተብርሃን። ይግባኝ የለም።

ለታሪክ ይቀመጥ ዘንድ ጉዳዩን ልጻፈው። ወዳጄ ሐጎስ፣ ጣሊያኖች ቁሓ ሜዳ ላይ ጥለዋቸው ከሄዱት ስብርባሪዎች አንድ አይሮፕላን ሠርቷል። ሞተሩ ከአንዱ፣ ጅራቱ ከሌላው፣ የክንፉ ልብስ ከሁሴን ሱቅ፣ አቡጀዲ። (ሁሴን የወሎ ሰው ነው፤ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣል፤ ምላሱን ግን በነፃ ያድላል።) ሐጎስ ጣሊያኖቹ ዘንድ መካኒክ ነበር። አየር ላይ የወጣው ግን አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም ከኋላ ወንበር፣ እንደ ሻንጣ። ጥር ላይ ራሱ ሊያስነሣው ሞክሮ ጎማ ፈነዳና ቀረ።

አሁን የቀረው አንድ ሥራ ነው፤ አብራሪው ፊት የሚቆመው፣ መለኪያ ሰዓቶቹ የሚሰኩበት የአሉሚኒየም ሰሌዳ። እሱን ማስጌጥ። የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር «ዘይት»፣ «ሙቀት»፣ «ከፍታ» የሚሉትን የምጽፍ እኔ ነኝ። ከዚያ ለግንቦት ልደታ ይበራል። ይህን በጸሐፊነት ለምሠራበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ያወጅሁትም እኔ ነኝ። ማን አውጅ አለኝ? ማንም።

ሰኞ ዕለት ሰሌዳውን በቡሽና በደቃቅ አሸዋ ክብ በክብ ፈትገን የዓሣ ቅርፊት አስመስለነው ነበር። ሐጎስ አንድ የጣሊያን መኮንን አይሮፕላን ላይ ያየው ጌጥ ነው። ውበቱ! ለተብርሃን ደጅ አወጣችው፤ ፀሐይ አስመታችውና ወደ ባሏ ፊት አዞረችው። ዓይኑን ጨፈነ። «እዚያ ላይም እንዲህ ጨፍነህ ነው የምትነዳው?» አለችው። ልክ ናት። የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ ሁልጊዜ ልክ ናት።

ከዚያ ባሕረ ዓረብ አመጣን፣ የዳዊት መጽሐፍ የሚለብሰውን ቀይ ቆዳ። ዛሬ ጠጋ ብላ አሸተተችው። «ሞተሩ ሲያሞቀው ይሸታል። ሽታው ራስህን ቢያዞረውስ? አዙሮህ የምትቀመጥበት ድንጋይ እዚያ አለ?»

ቆዳው ተላጠ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22

ወይራ። ሐጎስ በስሱ ሰንጥቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ለጠፈው። የደጃዝማች አልጋ መሰለ። ለተብርሃን «ዋእ! እንዴት ያምራል» አለች። ደስ አለን። ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈችና «ብቻ እዚህ ጋ የሚሰነጠቅ ይመስለኛል» አለች። ከሰዓት በኋላ እዚያው ጋ ተሰነጠቀ። ማን ፀሐይ ላይ እንዳሰጣው አልታወቀም። እኔ ጠርጥሬያለሁ፣ ግን የሰው እንጀራ እየበላሁ ክስ አልመሠርትም።

ሁሴን ሱቅ በር ላይ ያዘኝ። «ወላሂ ተሰማ፣ ለእህቴ ባል ስንመርጥላት እንኳ ይህን ያህል አልቆየንም!»

አለቃዬ በበኩሉ በየጧቱ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «እህ፣ ክንፍ አበቀላችሁ?» ይለኛል። አበቀልን ጌታዬ። የቀረን ፊት ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 23

ጊዮርጊስ ነው፤ ሥራ የለም። ሐጎስ ጋ ስንጫወት ዋልን። በጨዋታ መሐል «የኋላው ወንበር ያንተ ነው፣ ታውቃለህ አይደል?» አለኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ አለቃዬ አይፈቅድም፤ እናቴ ከእኔ ሌላ የላትም፤ ደግሞ ክብደት አበዛብሃለሁ። አራቱንም በአንድ ትንፋሽ ነበር ያልኩት። ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 25

አረንጓዴ ቀለም ተገኘ። ጣሊያኖች መኪናቸውን የሚቀቡት፤ ግማሽ ቆርቆሮ። ትናንት ቀባን። አማረ፤ አያብለጨልጭም፣ አይሸትም፣ አይሰነጠቅም። ዛሬ ምን ታወጣለት ይሆን ብዬ እየሳቅሁ ሄድኩ።

ለተብርሃን ሰሌዳውን አየችው። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም። «ወንድሜን ጭነው የወሰዱበት መኪና በዚህ ቀለም ነበር» አለችና ወደ ማጀት ገባች።

ሐጎስ መፋቂያውን አነሣ። እኔም አብሬው ፋቅሁ። 

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ጥቁር! ጥላሸት በዘይት ተለውሶ፣ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ፣ ድፍን ያለ፣ የማያብለጨልጭ ጥቁር። ነጭ ፊደል ሲያርፍበት ያበራል። «ዘይት»ን ጻፍኩ። «ሙቀት»ን ጻፍኩ። ለተብርሃን ከኋላችን መጥታ ቆመች። አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት። «እመቤቴ፣ ለሰሌዳ ነው የምንመርጠው ወይስ ለሙሽራ? እርስዎን ደስ የሚያሰኝ ቀለም እግዚአብሔር ገና አልፈጠረም መሰለኝ!» ሐጎስ ሳቀ። እኔም በራሴ ንግግር ረካሁ።

ስወጣ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተለችኝ።

«ኣያ ተሰማ፣ ጥር ላይ ጎማ ነው የፈነዳው ያለዎት?»

«አዎ።»

«ጎማ አልፈነዳም። ከቤት ጣራ በላይ ተነሣና ወደቀ። ሁለት ጎድኑ ተሰብሯል፤ ስጠግነው የከረምኩ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ በግራ ጎኑ አይተኛም። ተው ቢሉት እንደማይተው ያውቃሉ። ፈራሁ ብሎ እንዳይቀር ደግሞ እርስዎ ለአገሩ ሁሉ ነገሩበት።»

የአጥሩን በር ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። 

«ሓወይ፣» አለችኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፣ «እዚህ ከተማ በአይሮፕላን ከላይ የመጣ ነገር መቼ በጎ ሆኖ ያውቃል? ቀለም ሲመርጥ መሬት ላይ ነው። ሌላ የማውቀው ዘዴ የለኝም።»

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 28

አለቃዬ ለቅዳሜ እንግዳ እንደጋበዘ ነገረኝ። ጥላ ይዘው ይመጣሉ፤ በቅሎም ይጫናል። ሰው ሲበር ለማየት ነው ይላሉ። እኔ እንደሆንኩ የዚህን አገር ሰው አምስት ዓመት በማይረባ ወሬ ስመግበው ኖሬ፣ የተመልካች ዓይን ለይቼ አውቃለሁ። ሲበር አይደለም ማየት የሚፈልጉት።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሐጎስ ጋ ሄድኩ። ጥቁሩ ላይ ነቀፋ ለማግኘት መንገዱን ሙሉ አሰብኩ። ሰው ሁሉ ላይ ነቀፋ የማያጣ ጭንቅላት አንድ ቆርቆሮ አቃተው። በመጨረሻ «ሐዘን ይመስላል» አልኩ። ድምፄ ራሴን አሳፈረኝ።

ሐጎስ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተም?»

«ቀለሙን ነው እኮ።»

«ይበቃል። ቅዳሜ ነው። አንተ ‹ከፍታ›ን ጻፍልኝ።»

ዓርብ፣ ሚያዝያ 30

እኩለ ቀን ላይ ጻፍኩት። በሕይወቴ እንደዛሬ ቀስ ብዬ ጽፌ አላውቅም፤ ያም ሆኖ ሦስት ፊደል ሦስት ፊደል ነው፣ ያልቃል። ሐጎስ ሰሌዳውን በነጠላ ጠቅልሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ቤንዚኑ በሁሴን በቅሎዎች ቁሓ ደርሷል። ሁሴን እንኳ ዛሬ አልቀለደም። «አላህ ያውቃል» አለ።

ለተብርሃን ምሳ አቀረበችልን። አላየችኝም። ሐጎስ ሦስት ጉርሻ በላና እጁን ታጠበ። እኔ ወደ ጣራው አየሁ።

አሁን ቤቴ ነኝ። ነገ እኔ የት ነው የምቆመው? ከጥላዎቹ ጋር ነው መቼም። ቦታዬ እዚያ ነው፤ ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1 ቀን 1934

ከቁሓ አሁን ተመለስኩ። እግሬ አቧራ እንደለበሰ ነው የምጽፈው።

ሰው ሞልቶ ነበር። አለቃዬ ከነእንግዶቹ፣ ከነጥላው። ሐጎስ አይሮፕላኑ ላይ ወጥቶ ሰሌዳውን ከነጠላው ፈታ። ብሎኖቹን በጥርሱ ይዟል። ሊያስረው ሰሌዳውን ከፍ አደረገና ቆመ። አውራ ጣቱን «ከፍታ» ላይ አሳረፈ። ብሎኖቹን ከአፉ አወጣ።

«አልደረቀም» አለ።

ትናንት እኩለ ቀን የተጻፈ ነው። የቁሓ ነፋስ ደግሞ የታጠበ ጋቢ ሳይሰጣ ያደርቃል። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሐጎስም አየኝ። ልመና አልነበረም፣ ትእዛዝም አልነበረም፤ ብቻ አየኝ። ወጣሁና እኔም ጣቴን አሳረፍኩ። ድንጋይ ሆኗል።

«አዎ፣ እርጥብ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «አሁን ከታሰረ ይበላሻል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዘይት አብዝቼበታለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው አለቃዬ ነው። «በአንድ ቃል ምክንያት! ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

«እሱ አይታወቅም ጌታዬ።»

ከዚያ ሁሉም ሳቁ። እያሳቁኝ የኖሩ ሰዎች አይደሉም፣ እኔ ሳስቃቸው የኖርኩ ናቸው፤ ሲስቁብኝ ግን እንዴት እንደሚስቁ ዛሬ ገና ሰማሁ። አንዱ እንግዳ በቅሎው ላይ ሆኖ «እርጥቡ!» ብሎ ጠራኝ። ይህ ስም ከእኔ ጋር መቃብር ይወርዳል። ይውረድ።

ከሐጎስ ጋር በእግር ተመለስን። ሰሌዳውን በነጠላ አቅፎታል። መንገድ ላይ ስለ ዝናብ አወራን፤ ዘንድሮ ይዘገያል አለ፤ እኔም ይዘገያል አልኩ።

ለተብርሃን በሩ ላይ ቆማ ነበር። እኛን አላየችም፤ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ሰሌዳውን አየች።

«ያምራል» አለች። ቀጥሎ «ብቻ» ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ሰሌዳውን ከሐጎስ ክንድ ተቀብላ ይዛው ገባች።

ሰኞ ቢሮ እንዴት እንደምገባ አላውቅም።