በቀን ሰማንያ ስድስት ሺህ አራት መቶ ጊዜ «ውሃ መጣ?» ተብሎ ስለሚጠየቀው መሣሪያ

ለክቡር አቶ አግማስ ይስማው
የወንዝ ሙላት ማስጠንቀቂያ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደሴ

ክቡር ሆይ፣ ሰላምታዬ ከነሙሉ አክብሮቱ ይድረስዎ። አላህ ጤናዎን እንደ ወንበርዎ ያጽናልዎ፤ ክረምቱም ለእርስዎ የመስኮት ጠብታ ብቻ ሆኖ ይለፍ።

እኔ ዓምና ኮምቦልቻ የተመረቅሁት፣ ከገራዶ በላይ ወንዙ ዳር ለተተከለው የጎርፍ መጠቆሚያ መሣሪያ ከርነሉን፣ ማለትም የስርዓተ ክወናውን አስኳል፣ የጻፍሁት ልጅ ነኝ። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ ውሃው ምልክቱን ሲነካ መለኪያው አስኳሉን ይቀሰቅሳል፣ አስኳሉም ከታች ላሉት ገበሬዎች የሚጮኸውን ደወል። እስከዚያው ማንም ማንንም «መጣ ወይ?» እያለ አይነዘንዝም፤ ባትሪውም ፀሐይ በሌለበት ክረምት ሁለት ወር ይቆያል።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. በመጀመሪያው ሳምንት ከመሣሪያው ሪፖርት ስላልመጣ «ዝም የሚል ነገር መሥራቱን በምን አውቃለሁ? በየሴኮንዱ ይጠየቅ!» ብለው ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ውሃ ሳይመጣ ዝም ማለት ሥራው መሆኑን በሦስት ገጽ ባስረዳሁዎ ጊዜም «አንቺ ልጅ፣ ገና ትኩስ ነሽ፤ ትበርጃለሽ» ብለው መክረውኛል። በርጃለሁ።

፪. በቀን ሰማንያ ስድስት ሺህ አራት መቶ «አልመጣም» ሰብስበው በግምገማው ላይ «የክትትል አፈጻጸም» ብለው ሲያቀርቡ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

፫. ባትሪው በየሴኮንዱ ሲነዘነዝ በአራተኛው ቀን አለቀ። የቢሮዎ ስክሪን ግን የመጨረሻውን መልስ ይዞ፣ በሚያምር አረንጓዴ «ውሃ አልመጣም» እንዳለ ቀረ። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ውሃው መጣ። እትዬ ሸሪፋ ደወሉን ተማምነው ከታች ማሳቸው ላይ ሽንኩርት ይነቅሉ ነበር። እሳቸው ግራር ላይ ተንጠልጥለው ተረፉ፤ ሁለቱ በሬዎቻቸውና የዓመት ሽንኩርታቸው ግን ከጎርፉ ጋር ወረዱ። «ልጄ፣ ያ ደወልሽ ምን ነካው?» ሲሉኝ የእርስዎን ስም ልጥራ ወይስ የእኔን?

፬. ሪፖርትዎ ምክንያቱን «የባለሙያ ክፍተት» ይለዋል። ባለሙያዋ እኔ ነኝ፤ ክፍተቱም እኔው ሆኜ ተገኝቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የቀድሞውን አስኳል ለመመለስ ሃያ ደቂቃና አንድ ፊርማ ይበቃል። መሣሪያው መኖሩ ካሳሰበዎም በቀን አንዴ «አለሁ» እንዲል አዘጋጅቼዋለሁ። ክረምቱ ሊወጣ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል፤ ከታች ያሉት ሰዎችም የሚሄዱበት ሌላ ማሳ የላቸውም። ይፈርማሉ የሚለውን ተስፋ ግን ትቼዋለሁ። ይህን በአደባባይ የጻፍሁት ኋላ «አልተነገረኝም» እንዳይሉ ብቻ ነው።

ከእግርዎ ሥር የተነጠፈውን ደረቅ ምንጣፍ በሩቁ እጅ እየነሳሁ፣ ገና ያልተሰናበተች ታዛዥዎ፣

ዊዳድ መሕሙድ
ሆጤ፣ ደሴ

ማስታወሻ፦ እነ እትዬ ሸሪፋ አሁን ዳመና ባረገዘ ቁጥር ተራ ገብተው አፋፉ ላይ ይቆማሉ፤ ወንዙ ሲያጓራ ወደ ታች ይጮሃሉ። ለሪፖርትዎ የተረኞቹ ስም ዝርዝር ካስፈለገዎ ዝናብ ሲጥል አፋፉ ላይ ብቅ ይበሉ፤ አንዳቸውንም ቤታቸው አያገኟቸውም።