እዚያው የሚቀር መድኃኒት

እታለም፣

አንቺ ከሄድሽ ይኸው ክረምቱ ወጥቶ ገብሱም ታጨደ። አልጋሽ ላይ አሁን እማዬ ናት የምትተኛው። እኔ አሥረኛ ክፍል ገብቻለሁ።

ልነግርሽ የምፈራው ነገር አለ። እማዬ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባታል። ከቀሚሷ ስር ጨርቅ ታስራ አይቼ ብጠይቃት፣ ጎረቤታችን እትዬ ድንቄ ቅጠል ቀጥቅጠው፣ በቅቤ ለውሰው እንዳሰሩላት ነገረችኝ። ሆስፒታል እንሂድ ስላት «የእህትህን አየሁት፤ ይበቃኛል» አለችኝ።

ምን ትዝ እንዳላት አውቃለሁ። ላበጠው ጉልበትሽ የካንሰሩን መድኃኒት በክንድሽ ደም ስር ሲሰጡሽ ጸጉርሽ ትራስ ላይ ቀረ፤ አፍሽ ቆስሎ ውሃ እንኳ ያቃጥልሽ ነበር። «ያመመኝ እግሬ፣ የተቀጣው ጸጉሬ» ብለሽ አሳቅሽን። እማዬ አብራን ስቃ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች። ቅጠሉን የወደደችው ለዚህ ነው። «ቢያንስ ካሰሩት ቦታ አይሄድም፤ እዚያው ይቀራል» ትላለች።

ሲጨንቀኝ የኬሚስትሪ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። ውጭ አገር የሚሞከር ነገር እንዳለ መጽሔት ላይ አንብበዋል። እብጠቱ ተቆርጦ ከወጣበት ቦታ መድኃኒት ያዘለ ስስ ነገር ይቀመጣል፤ እሱ ቀስ እያለ ሲሟሟ መድኃኒቱ እዚያው ይንጠባጠባል፤ ሌላውን አካል ብዙ አይነካም። «እኛ ጋ ግን አልደረሰም» አሉኝ። «ለእናትህ የሚሻለው ሳይሰፋ ቶሎ መቆረጡ ነው።»

ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት፤ አለመድረሱንም ጭምር። «ፈረንጆቹም እንደኛ ማሰር ጀመሩ በለኛ» ብላ ሳቀች። ካንቺ ቀብር ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በማግስቱ ቅጠሉን ፈታችው። የከተማችን ሐኪም አዲስ አበባ ላለው ሆስፒታል ጻፉላት፤ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣች። ከነገርኳት ውስጥ የትኛውን እንደሰማች ግን እንጃ።

አንቺን የማስታውስሽ ሆስፒታል እንደነበርሽው አይደለም። ሹሩባሽን ተሠርተሽ፣ ከሚሄድ ጋሪ ላይ ስትዘይ፣ ባለጋሪው በኦሮምኛ ሲቆጣሽ አንቺም በኦሮምኛ አፉን ስታስይዢው ነው። እስካለሁ ድረስ እንደዚያ ሆነሽ ትኖሪያለሽ።

እማዬን ትናንት ሸኘኋት። ዛሬ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነጋልኝ። ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ከትምህርት ቤት በፊት ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የወሰዳት አውቶቡስ ማታውኑ ተመልሷል፤ ረዳቱ መስታወት ያጥባል።

«እናትህ ደህና ገብታለች፤ አጎትህ ተቀብሏታል» አለኝ። «እስከ ሞጆ ስታጫውተኝ ነበር። እዚያው ቦታው ላይ ብቻ የሚሠራ መድኃኒት ሊያስገቡላት ነው አሉ። ጸጉሯንም አይነካም። ተመስገን በል እንጂ፣ ምን ያስደነግጥሃል?»

ረዳቱ ዛሬም በአጎታችን ሱቅ በኩል ያልፋል፤ መልእክት ያደርስልኛል።

«ምን ልበልልህ?» አለኝ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። መድኃኒቱ እኛ ጋ አለመድረሱን፣ እውነቱን ብልክባት እብጠቱን ሳታስቆርጥ ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ።

«ምግብ ትብላ በላት» አልኩት።